ያልተማርነው ሙያ፣ የተሸከምነው አማና



ሐኪም ሳይማር ቢላዋ አያነሳም። ሾፌር ያለ መንጃ ፈቃድ መሪ ቢጨብጥ ትራፊክ ያስቆመዋል። የሰውን እንጀራ የሚጽፍና የሚሰርዝ፣ የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚከርም፣ የማን ቤት ምድጃ እንደሚቀዘቅዝ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ሰው ግን በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን ሳይማር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። «ይህን ሥራ የት ተማርከው?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ አጭር ነው፤ «እዚሁ» ይለናል።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። የተማርኩት የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። የምኖረው በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በገሱባ ነው። በ2006 ዓ.ም. በምሠራበት የግል ድርጅት የሠራተኛ ጉዳይ ይዞ የነበረው ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ ሶዶ ሲሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ የመደርደሪያውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ደመወዛቸውን የምትሠራው አንተ ነህ፤ ሰዎቹንም አብረህ ያዝ» አለኝ። ሥልጠናዬ ይኸው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የማነሳው የራሴን ታሪክ ለመተረክ ብዬ አይደለም። ከእናንተም መካከል ሱቅ ከፍቶ ሁለት ልጅ የቀጠረ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ የመስጂድ ኮሚቴ ሆኖ ለሙአዚኑና ለጥበቃው ደመወዝ የሚከፍል፣ የመድረሳ ኡስታዝ የሚመድብ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ሳያውቀው የሠራተኛ አስተዳዳሪ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል።

ስሙ ሲለዋወጥ

ይህ ሥራ በአገራችን በተለያየ ስም ሲጠራ ኖሯል። ከሁሉ አስቀድሞ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሕዝብ ዘንድ የታወቀው ሠራተኛ አስተዳዳሪ ካቦ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀድያ ብዙ ወጣቶች ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደዚያ ወርደዋል። እነዚህን ሰዎች በየቡድኑ የሚያሰማራውና ሥራቸውን የሚቆጣጠረው ካቦው ነበር። ካቦ ትምህርት ቤት የለውም። ካቦነቱን ያገኘው በጉልበቱ፣ በድምፁ ወይም በሚያውቀው ሰው ነው። በየእርሻውና በየግንባታው ደግ ካቦ የነበረበት ሠራተኛ ሲመርቅ፣ ክፉ ካቦ የነበረበት ደግሞ ሲራገም መስማት የተለመደ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ «ፐርሶኔል» የሚለው ቃል ገባ። አባቶቻችን «ፐርሶኔል ጠራኝ» ሲሉ ልባቸው ይመታ ነበር። ቆየት ብሎ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ተባለ፤ አሁን ደግሞ «የሰው ሀብት» እንለዋለን። የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ባለሙያ ማፍራት ቢጀምርም፣ በ1994 ዓ.ም. ሥልጣንና በጀት ከክልልና ከዞን ወደ ወረዳ ሲወርድ የሚያስፈልገው ሰው ብዛት እጅግ ሰፋ። ትናንት ጥቂት ሠራተኛ የነበራቸው ወረዳዎች መምህሩን፣ የጤና ባለሙያውን፣ የግብርና ሠራተኛውን ሁሉ ራሳቸው የሚቀጥሩና የሚያስተዳድሩ ሆኑ። ያን ሁሉ ማህደር የሚይዝ የሠለጠነ ሰው በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል? መዝገብ ቤት የነበረው፣ ታይፕ ትመታ የነበረችው፣ ከማስተማር የተነሳው ሰው ተመደበ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት በአካባቢያችን ነገሩ መሻሻል ጀመረ፤ ይሁንና በትናንሽ ከተሞችና በግል ድርጅቶች ዛሬም ሥራውን የሚይዘው አብዛኛው ሰው በሥራው ላይ የተማረ ነው።

እኔ «የሰው ሀብት» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ሀብት ከተባለ ባለሀብቱ ማነው? ድርጅቱ ነውን? በኢስላም ሰው የአላህ (ሱ.ወ) ባሪያ ነው፤ ከሠራተኛው ለአሠሪው የተሸጠው የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ጉልበት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ክብሩም፣ ሶላቱም፣ ቤተሰቡም የራሱ ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሰው ሀብት ከመባል ይልቅ አማና ቢባል ልክ ይመስለኛል። አማና ደግሞ ባለቤት አለው፤ ይጠየቁበታል።

ማህደሩ መምህር ሆነ

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት ማህደር በማንበብ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ከፍቼ አንድ ሁለት ማህደር አወጣና ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ። የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ የተያዥ ውል፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዓመት ዕረፍት መጠየቂያ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የይቅርታ ማመልከቻ። በዕለት ተዕለት ኑሮ አንድ ቢሮ ውስጥ አብሮን የሚውለው ሰው በማህደሩ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ዘወትር ሲስቅ የማውቀው ሹፌር በአንድ ዓመት ውስጥ አባቱንና ሁለት ልጆቹን እንደቀበረ ያወቅሁት ከሐዘን ፈቃድ ወረቀቶቹ ነው። በማርፈድ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት አንዲት እህት ያረፈደችባቸውን ቀኖች ስቆጥር ሁሉም የገበያ ቀኖች ሆነው አገኘኋቸው፤ ለካ ጎህ ሲቀድ እናቷ የምትሸጠውን ተሸክማ ታደርስ ኖሯል። የመግቢያ ሰዓቷን በገበያ ቀን በግማሽ ሰዓት ገፍተን ማታ እንድታካክሰው ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ አላረፈደችም።

ከማህደሩ ቀጥሎ ያስተማረኝ አዋጁ ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር። የተጨማደደ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ ከሶዶ አስመጣሁና በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩት። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ሲተካው ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ልዩነታቸውን በደብተር ጻፍኩ። የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆነ። ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ 90 ቀን ሆነ፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ሲጨመር 120 ይሆናል። ሚስቱ ለወለደች አባት የ3 ቀን ፈቃድ ተሰጠው። የዓመት ዕረፍት በመጀመሪያው ዓመት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ሲል፣ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር የነበረው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ለነባር ሠራተኞች ማስረዳት ቀላል አልነበረም። «ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» እያሉ በየተራ መጡ፤ ለአዲስ ገቢ እንደጨመረ፣ ለነባሩ ግን አጨማመሩ እንደዘገየ በቁጥር እየጻፍኩ አሳየኋቸው። ሰው ያልወደደውንም ነገር ቢሆን በግልጽ ከተነገረው እንደሚቀበል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የመድየኑ ውል

ቁርአንን በልጅነቴ ስቀራ ያልታየኝ ነገር ይህን ሥራ ከያዝኩ በኋላ ታየኝ። በሱረቱል ቀሰስ (28፡26-28) የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) የቅጥር ታሪክ አለ። ሙሳ ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ለሁለት ሴቶች ከብት ያጠጣሉ። ከሴቶቹ አንዷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው ትላለች፤ ምክንያቷንም በሁለት ነገር ትገልጻለች፤ ብርቱ ነው፣ ታማኝም ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ጎሳ እንደመጣ መመዘኛ ውስጥ አልገባም። ብርታቱን ከብት ሲያጠጣ፣ ታማኝነቱን በአካሄዱና በአነጋገሩ አይተዋል፤ ማለትም በሥራ ተፈትኗል።

ከዚያ አዛውንቱ ውል ያቀርባሉ። ዘመኑ ስምንት ዓመት ነው፤ ሙሳ አሥር ቢሞላ በፈቃዱ ነው። ላስቸግርህ አልሻም የሚል ቃል ይጨምራሉ። ሙሳም ከሁለቱ የፈለግሁትን ጊዜ ብፈጽም ከዚያ በላይ አልጠየቅም ብለው አላህን ምስክር አድርገው ይስማማሉ። ዘመኑ፣ ክፍያው፣ በግዴታና በፈቃድ መካከል ያለው ድንበር፣ ምስክሩ፣ አንድም የጎደለ የለም። የዛሬው አዋጅም በቃል ብቻ ለተቀጠረ ሠራተኛ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጠው ያዛል። በየሱቃችን «ሥራ ጀምር፤ እንተያያለን» እየተባለ የሚገባው ልጅ ስንት ነው? ወር ሲሞላ የሚተያዩት በክርክር ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ (2፡282) ዕዳን እንድንጽፍ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች ሲያዝ፣ የሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው ላይ የሚቆጠር ዕዳ መሆኑን አንዘንጋ።

የጥበቃው ዕድሜ

ከሁሉ የከበደኝን አንድ ጉዳይ ላንሳ። በድርጅታችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በጥበቃ ያገለገሉ አንድ የወላይታ አባት ነበሩ። ሲቀጠሩ የሞሉት ፎርም የተወለዱበትን ዘመን 1950 ይላል። የቀበሌ መታወቂያቸው ግን 1955 ይላል። 60 ዓመት የሚሞላቸው በፎርሙ ከሆነ በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በመታወቂያው ከሆነ በ2015። አምስት ዓመት ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በየወሩ የሚከፈል አበል ለማግኘት ደግሞ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እኚህ አባት በ2010 ከወጡ የሚቆጠርላቸው 7 ዓመት ብቻ ነው። በ2015 ከወጡ ግን 10 ዓመቱን አልፈው ዕድሜ ልካቸውን አበል ይበላሉ። ሕጉ ደግሞ የሚቀበለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡትን ዕድሜ ነው።

ቢሮዬ መጥተው ተቀመጡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ቆዩና «ልጄ፣ ወረቀቱ በእጅህ ነው። አንድ ቁጥር ናት» አሉኝ።

እውነት ነው፤ አንድ ቁጥር ናት። ዜሮዋን አምስት ማድረግ ለእርሳቸው ሰባት ነፍስ የሚበላው እህል ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሌሊቱ ብርድ ሃያ አምስት ዓመት የቆሙ ሰው ናቸው። ሆኖም ያ ፎርም አማና ነው። አንዱን ያዘንኩለትን ከቀየርኩ ነገ ሌላው ያላዘነለትን ይቀይራል፤ ማህደር ሁሉ የያዘው ሰው እንደፈለገ የሚጽፍበት ሰሌዳ ይሆናል። «ጋሼ፣ ይህን አልችልም። ግን ሌላ መንገድ ካለ ሳልፈልግ አልቀርም» አልኳቸው። ዝም ብለው ወጡ።

ያን ሰሞን አዋጁን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። የሥራ ስንብት ክፍያ በሚለው ክፍል፣ የጡረታ መብት ሳይኖረው በጡረታ ዕድሜ ምክንያት ውሉ ለሚቋረጥ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ እንደሚገባው ተጽፏል። ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ የለበትም። ለ25 ዓመት ሲሰላ 30 እና 240፣ የ270 ቀን ደመወዝ ይሆናል፤ ይኸውም የዘጠኝ ወር ነው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዤ ገባሁ። ሲያየው መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፤ እንዲህ ያለ ክፍያ ከዚያ በፊት ከፍለን አናውቅም። አንቀጹን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ራሱም ወስዶ ደግሞ አነበበውና ፈረመ። ያ ገንዘብ የወር አበልን አይተካም፤ ሆኖም በሐሰት የተገኘ አልነበረም፤ እርሳቸውም ሆኑ ልጆቻቸው ማንም ሊነጥቃቸው የማይችል ሐቅ ነው። ጥበቃው ሲሰናበቱ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ምርቃት መረቁኝ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። እዝነትና ፍትሕ የሚጋጩ ሲመስለን ብዙውን ጊዜ ሕጉን ከግማሹ ላይ አቁመን ነው። የሠራተኛውን ሐቅ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጎ ማግኘት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈል ማዘዛቸው በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በዕለተ ቂያማ ባላጋራ ከሚሆናቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ነው። ያን ችሎት የሚፈራ አሠሪ በዚህ ዓለም ፍርድ ቤት መቆም አይኖርበትም።

«የእኛ ሰው»

ሁለተኛው ፈተና ከወገን በኩል ይመጣል። እንደሚታወቀው በወላይታ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን። በገሱባ መስጂድ በአንድ ሶፍ የሚቆም ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ፣ የማን ቤት እንደተቸገረ ይታወቃል። የጥበቃው ቦታ ክፍት መሆኑ ሲሰማ፣ እንደ አባት የማያቸው አንድ ትልቅ ሰው ከመግሪብ በኋላ ጠብቀው ያዙኝ።

«ልጄ ለጥበቃው ሥራ ተመዝግቧል» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ስሙን አይቻለሁ።»

«እኛ እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ነን? አንተ ካላየኸን ማን ያየናል?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከስግብግብነትም የመጣ አይደለም፤ ከጥቂትነት ፍርሃት የመጣ ነው። «ጋሼ፣ ልጅዎ እኩል ይወዳደራል። ማንም ወደ ኋላ አይገፋውም። ማንንም ግን ወደ ፊት አልገፋም» አልኳቸው። አመልካቾቹ አራት ነበሩ። መመዘኛውን ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ጽፈን ለጥፈን ነበር፤ የጥበቃ ልምድ፣ የበር መዝገብ ማንበብና መጻፍ፣ የቀድሞ አሠሪ ምስክርነት፣ የሌሊት ተራ ለመሥራት ፈቃደኛነት። ሦስት ሆነን ነጥብ ሰጠን። ያለፈው ሌላ ሰው ነው፤ ክርስቲያን የአካባቢው ተወላጅ፣ ለዓመታት መጋዘን የጠበቀ። የእኚያ አባት ልጅ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ሰላምታዬን ይመልሱልኝ ነበር፤ ቆሞ መጨዋወቱ ግን ቀረ።

በዚያ ሰሞን ደጋግሜ የማስበው የሰይዳችንን የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ ነበር። በአቡ ዳውድ እንደተዘገበው የአዛንን ቃላት በሕልማቸው ያዩት አብደላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ናቸው። ሕልሙ የእርሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አዛኑም የእኔ ይሁን ባለ ነበር። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምሯቸው አዘዟቸው፤ ምክንያቱ የቢላል ድምፅ የተሻለ መሆኑ ነው። ቢላል በመዲና ዘመድ የሌላቸው፣ ባርነት ያሳለፉ ሐበሻ ናቸው። ሥራው ለሚችለው ተሰጠ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በቢላል እንኮራለን፤ ኩራታችን ግን የተመረጡበትን መመዘኛም መያዝ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያ ሥራ ደካማ መሆናቸውንና ሹመት አማና መሆኑን በፍቅር ነግረው እንደመለሷቸው ሙስሊም ዘግበዋል። አቡ ዘር በእውነተኛነታቸው የታወቁ ሶሐባ ናቸው። ደግ ሰው መሆንና ለአንድ የተወሰነ ሥራ ብቁ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላም አለ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) በ20 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ዲዋን የተባለውን የደመወዝ መዝገብ ሲያቋቁሙ ጸሐፊ አድርገው የመደቧቸው ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈልና ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም የቢሮ ትምህርት የላቸውም፤ የሚያውቁት የሰውን ዘር ሐረግ ነው። እነርሱም እዚሁ ከሚሉት ወገን ናቸው ማለት ይቻላል። መዝገቡን ሲያዘጋጁ ከነቢዩ ቤተሰብ ቀጥሎ የአቡበክርን ጎሳ፣ ከዚያም የዑመርን ጎሳ አስቀደሙ፤ የአለቃን ልብ ማየት ያኔም ነበር። ዑመር ግን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዝምድና ከሚቀርበው ተጀምሮ በቅደም ተከተል እንዲጻፍ፣ እርሳቸውም ተራቸው በደረሰበት እንዲቀመጡ አዘዙ። የራሳቸው ጎሳ ሰዎች ቅር ቢላቸውም አልተመለሱም። ዲዋኑ የታመነው መጀመሪያ የተጎዳው የባለሥልጣኑ ዘመድ ስለሆነ ነው።

ወደ ገሱባ ስመለስ፣ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጋዘን ጸሐፊ ቦታ ተከፈተ። ካመለከቱት መካከል በጽዳት ሥራ እየሠራች በማታ ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት ሙስሊም እህት ነበረች። ከመራጮቹ አንዱ ሻርፗን አስታኮ ከደንበኛ ጋር መግባባቷን ተጠራጠረ። እኔ አፌን መክፈት አላስፈለገኝም። ለጥበቃው የተሠራበት ዓይነት የነጥብ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሻርፕ የሚል መመዘኛ የለበትም። ከፍተኛው ነጥብ የእርሷ ነበር፤ ተቀጠረች። በሚቀጥለው ጁምዓ እኚያ አባት ከመስጂድ ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ያ ወረቀታችሁ ለካ ለእኛም ያገለግላል» አሉኝ። ጥቂት ለሆነ ሕዝብ ከዘመድ ይልቅ የሚጠብቀው የተጻፈ ሚዛን ነው። ዘመድ ከወንበሩ ይነሳል፤ ሚዛኑ ከተለመደ ይቆያል።

ቅቤና ጁምዓ

ጥቂት ነገሮች ልጨምርና ላጠቃልል። አንደኛው ስጦታ ነው። ቅጥር ወይም ዕድገት ሲቃረብ ቤታችን ቅቤ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የወላይታ ቅቤ እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ያውቃል! ሆኖም ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው ኢብኑል ሉትቢያ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠይቀዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። መለኪያው ግልጽ ነው። ቁልፉ በእጄ ባይሆን ቅቤው ይመጣ ነበርን? ባለቤቴ በምስጋና ትመልሰዋለች፤ በበዓል ግን ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያደርገው እንሰጣለን፣ እንቀበላለን።

ሁለተኛው የፈቃድ ተራ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ ለጁምዓ ሰጋጁ እፎይታ ነው። በግል ድርጅት ግን መነጋገር ይጠይቃል። እኛ ያደረግነው መለዋወጥ ነው። በዒድ ክርስቲያኖቹ ተራችንን ይሸፍናሉ፤ መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ፣ በገናና በፋሲካም እኛ እንቆማለን። በዓል ሳይደርስ ወር ቀደም ብሎ በወረቀት ይጻፋል፤ ማንም ማንንም አይለምንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ያሉ ሠራተኞች ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ማገዝ ማለት አንዳንዴ ለሌላው በዓል ተረኛ መሆን ነው።

ሳንማር ለተመደብን ሁሉ

ወንድሞችና እህቶች፣ መማር የሚችል ይማር። ዛሬ በየአካባቢው ኮሌጅ አለ፤ የማታም የርቀትም ትምህርት አለ። ሳይማር አማና መሸከም የሚያኮራ ነገር አይደለም። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በሱረቱ ዩሱፍ (12፡55) የግብጽን ጎተራ ለመያዝ ሲጠይቁ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን አብረው ነው ያቀረቡት፤ ታማኝነት ብቻውን አልበቃቸውም።

ቁልፉ ድንገት ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠበት ግን ከልምድ የምመክረው ይህ ነው። ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት ማህደሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብብ። አዋጁን እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት የሆነ ጥፋት እንኳ አሠሪው ካወቀው በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈው መብቱ እንደሚቀር የማያውቅ ስንቱ ነው! መመዘኛውን የአመልካቾቹን ስም ሳታይ ጻፍ። የማትችለውን «አልችልም» በል፤ ፍለጋውን ግን አታቁም። ለሚለቅ ሠራተኛ የልምድ ማስረጃውን አታጉላላ፤ ያ ወረቀት የነገ እንጀራው ነው፤ ሕጉም ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ደመወዝ በቀኑ ይውጣ።

እኛም ነገ የሚነበብ ማህደር አለን። የሚይዙት ጸሐፊዎች አይሰርዙም፣ አይደልዙም፣ በዝምድናም በቅቤም አይታለሉም። የዚያን ቀን መጽሐፉን በቀኝ እጃቸው ከሚቀበሉት ያድርገን። አላህ (ሱ.ወ) የተጣለብንን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ፣ ከሠራተኛ ሐቅ የጸዳን ያድርገን። አሚን።